ከአርብ እስከ እሑድ በሮም፦ ጣሊያን አገር ለሚማር ተማሪ የጉዞ ማስታወሻ

ሮምን በሁለት ቀን ተኩል ማየት ይቻላል ሲባል ብዙ ሰው አያምንም። ቀኖቹ በሰፈር ከተከፋፈሉ፣ ተከፍሎባቸው የሚገቡት ቦታዎች ከሁለት ካልበለጡና እግር ካልሰነፈ ግን ይቻላል። ይህ ማስታወሻ መነሻውን ቦሎኛ አድርጓል፤ ከፓዶቫ ወይም ከሚላኖ ለሚነሳ የሚለወጠው የባቡሩ ጉዞ ርዝመት ብቻ ነው። መንገዱ ኮሎሴዩምንና የቅዱስ ጴጥሮስን ባዚሊካ ይዞ፣ በዚያው የኛን ታሪክ የተሸከሙ ድንጋዮችን እየተከተለ ይሄዳል። እነዚህን ድንጋዮች ለማየት ትኬትም ወረፋም የለም። ነገር ግን በየአጠገባቸው ነገሩን በቅጡ የሚያስረዳ ጽሑፍ ስለማይገኝ ሳያውቋቸው ማለፍ በጣም ቀላል ነው።

ሰዓቶቹ በጣቢያ ሰሌዳ ላይ እንደሚጻፉት በ24 ሰዓት፣ ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሦስት አራት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቀጠሮም በዚሁ ያዙ። “2 ሰዓት ላይ እንገናኝ” ተባብሎ አንዱ 8:00፣ ሌላው 14:00 ላይ መምጣቱ የሐበሻ ተማሪዎች የተለመደ ስህተት ነው።

ከጉዞው በፊት

የባቡር ዋጋ ከማየታችሁ በፊት ቀን መቁጠሪያውን እዩ። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ የመንግሥት ሙዚየሞችና ጥንታዊ ስፍራዎች፣ ኮሎሴዩምም ጭምር፣ በነፃ ይከፈታሉ። የወሩ የመጨረሻ እሑድ ደግሞ የቫቲካን ሙዚየሞች ከ9:00 እስከ 14:00 ነፃ ናቸው፤ የመጨረሻው መግቢያ 12:30 ነው፤ ዕለቱ ከትልቅ በዓል ጋር ከገጠመ ግን ይቀራል። በሌሎቹ እሑዶች የቫቲካን ሙዚየሞች ጭራሽ አይከፈቱም። ቅዳሜን ለኮሎሴዩም ሰጥቶ እሑድ ሙዚየሙ በር ላይ ደርሶ መመለስ የሚመጣው ይህን ካለማወቅ ነው። በነፃው እሑድ ቀድሞ ቦታ መያዝ ስለማይቻል ወረፋው ረጅም ነው። ገንዘብ ለሚያጥረው ተማሪ ግን የአንድ ጠዋት መቆም የሚያዋጣ ልውውጥ ነው። የመጀመሪያውን እሑድ ከመረጣችሁ ከዚህ በታች ያሉትን የቅዳሜና የእሑድ ጠዋቶች አቀያይሯቸው።

በቅናሽ በኩል ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። በጣሊያን የመንግሥት ሙዚየሞች ከ18 እስከ 25 ዓመት ላሉ ወጣቶች የተፈቀደው የ2 ዩሮ ትኬት የሚሰጠው በዜግነት እንጂ በተማሪነት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት የሌለው የጣሊያን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የኮሎሴዩምን ሙሉ ዋጋ 18 ዩሮ ይከፍላል። በርካሹ ገዝቶ በር ላይ መታወቂያ ሲጠየቅ መመለስ አለ። ብዙዎች የማያውቁት በጎ ነገርም አለ፦ በአውሮፓ ኅብረት አገር ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር፣ የቅርስ ጥበቃ፣ የትምህርት ሳይንስ፣ ወይም በሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ ውስጥ አርኪዮሎጂና የሥነ ጥበብ ታሪክ የሚማር ሰው ዜግነቱ ምንም ቢሆን በነፃ ይገባል። ለዚህ የዘመኑን የምዝገባ ማስረጃ ከዩኒቨርሲቲው አሳትሞ መያዝ ነው። ቫቲካን ሌላ አገር ስለሆነ ሕጉም ሌላ ነው፤ እስከ 25 ዓመት ላለ ተማሪ የተማሪ ካርድ ብቻ አይቶ ይቀንሳል።

የኮሎሴዩም ትኬት ከጉብኝቱ 30 ቀን አስቀድሞ ይለቀቃል፤ ስምም ይጻፍበታል። እዚህ ላይ የኛ ስም አጻጻፍ ጣጣ ያመጣል። ኖሜ የሚለው ቦታ የራስ ስም፣ ኮኞሜ የሚለው የቤተሰብ ስም ነው። እኛ ዘንድ ያለው የአባትና የአያት ስም ስለሆነ አንዱ ተማሪ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ኮኞሜ ላይ ይጽፋል። አማካሪው ፓስፖርታችሁ ነው፦ በፓስፖርቱ የቤተሰብ ስም በሚለው መስመር ያለውን ኮኞሜ ላይ፣ የቀረውን በሙሉ ኖሜ ላይ፣ የላቲን ፊደሉን አንድም ሳትቀይሩ ጻፉ። ለማደሪያውም ለባቡሩም እንዲሁ አድርጉ።

ፓስፖርቱን በአካል ያዙ። የማደሪያ ቤቶች የእያንዳንዱን እንግዳ መታወቂያ ለፖሊስ የማስመዝገብ የሕግ ግዴታ አለባቸው፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ አንቀበልም የሚሉ ብዙ ናቸው። የመኖሪያ ፈቃዱ ካርድ ገና ካልወጣ የማመልከቻውን ደረሰኝ ከፓስፖርቱ ጋር አድርጉ። በሮም የሚያድር ሰው በየሌሊቱ የከተማ ግብር ይከፍላል፤ ቦታ ሲያዝ ከሚታየው ዋጋ ውጪ ስለሆነ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ።

የመጨረሻው ጥንቃቄ አድማ ነው። ሾፔሮ ይሉታል፤ የሚመረጠውም ብዙ ጊዜ አርብ ነው። አስቀድሞ ስለሚታወጅ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት የሳምንቱን ማስታወቂያ ተመልከቱ። በሮም ከተማ ትራንስፖርት አድማ ቢኖርም ከአገልግሎት መጀመሪያ እስከ 8:30 እና ከ17:00 እስከ 20:00 መሥራት ግዴታ ነው። ስለዚህ የአድማ አርብ ላይ የምትገቡ ከሆነ ከ17:00 በኋላ የሚያደርሳችሁን ባቡር ምረጡ።

አርብ፦ ከቦሎኛ እስከ ፓንተዮን

ከቦሎኛ ሮም በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። በተራ የክልል ባቡር ዋጋው ይቀንሳል፤ ግን እየቀያየሩ ቢያንስ አምስት ሰዓት ስለሚፈጅ የአርቡን ከሰዓት ይበላዋል። ፈጣኑ ባቡር ቀደም ብሎ ሲገዛ ርካሽ ነው። ይሁንና በጣም ርካሹ ትኬት ገንዘቡ አይመለስም፣ ሰዓቱም አይቀየርም። ክፍል እስከ 12:00 ካለባችሁ የ12:30ውን አትግዙ።

ለዚህ ምክንያት አለው። በቦሎኛ ማዕከላዊ ጣቢያ ፈጣኖቹ ባቡሮች የሚቆሙት ከመሬት በታች 23 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ከ16 እስከ 19 ባሉት ሐዲዶች ነው። ከላይኛው አዳራሽ እስከዚያ ድረስ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ደጋግሞ መውረድ ይጠይቃል። ጣቢያ ደርሰው ባቡር የሚያመልጣቸው አዲስ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያመልጣቸው እዚህ ነው። 10 ደቂቃ ለመውረጃ ብቻ መድቡ።

ባቡሩ ሮም ሲደርስ መጀመሪያ ቲቡርቲና ላይ ሊቆም ይችላል። “ሮማ” የሚል ሰምቶ መውረድ አያስፈልግም፤ ቀጣዩ ቴርሚኒ ነው። ከቴርሚኒ በስተሰሜን፣ በካስትሮ ፕሬቶሪዮ በኩል ያለው ሰፈር የተማሪ ማደሪያ የሚበዛበት፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶችም የሚገኙበት ነው። ሻንጣ አትጎትቱ፤ የሮም መንገድ የተነጠፈበት ጥቁር ድንጋይ የሻንጣ ጎማ ይነቅላል። የጀርባ ቦርሳ ይበቃል፤ እሱም ትንሽ ይሁን፣ ኮሎሴዩም ትልቅ ቦርሳ አያስገባም።

16:30 አካባቢ ወደ ቴርሚኒ ፊት ለፊት ውጡ። የቆማችሁበት ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንክዌቼንቶ ይባላል፤ “የአምስት መቶዎቹ አደባባይ” ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ ጥር 26 ቀን 1887 ምጽዋ አጠገብ፣ ዶጋሊ ላይ፣ ራስ አሉላ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ ከዚያ አውቶቡስ የሚሳፈረው ሕዝብ አብዛኛው የስሙን ምንጭ አያውቅም። ከአደባባዩ ወደ ሪፐብሊካ አደባባይ በሚወስደው በኩል አምስት ደቂቃ ስትራመዱ በዛፎች መሃል አንድ አጭር ሐውልት ታገኛላችሁ። ሐውልቱ ግብፃዊ ነው፤ የዳግማዊ ራምሴስ ስም የተቀረጸበት፣ ከሄሊዮፖሊስ የመጣ። በ1883 ከከተማው መሬት ውስጥ ተቆፍሮ ወጣ፤ በ1887 የዶጋሊ ሙታን መታሰቢያ ሆኖ ጣቢያው ፊት ተተከለ፤ በ1920ዎቹ ወደዚህ የአትክልት ስፍራ ተዛወረ።

በወረራው ዓመታት ከአዲስ አበባ ተዘርፎ የሄደው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የተቀመጠው እዚሁ ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስ በአንበሳው ፊት ተንበርክኮ፣ ሲያቋርጡት ጎራዴውን የመዘዘው በዚህ ቦታ ነው። እሱ በጣሊያን እንደተያዘ በ1945 ሞተ። አንበሳው በ1960ዎቹ ተመልሶ ዛሬ አዲስ አበባ ለገሃር ፊት ቆሟል። በሮሙ ስፍራ ግን ይህን የሚያስታውስ ነገር አትፈልጉ፤ ያለው የወታደሮቹ ስም ዝርዝር ነው። ስፍራው ሲመሽ ጭር ስለሚል በብርሃን ጎብኙት።

ከዚያ ሁለት ደቂቃ ርቆ ሳንታ ማሪያ ዴሊ አንጄሊ አለች፤ ሚኬላንጄሎ በዲዮቅልጥያኖስ የመታጠቢያ ሕንፃ ፍርስራሽ ውስጥ የነደፋት ቤተ ክርስቲያን ናት። ቴርሚኒ የሚለው የጣቢያው ስምም የመጣው ከዚያው መታጠቢያ ነው። ወለሉ ላይ በ1702 የተሠራ ረጅም የነሐስ መስመር አለ፤ ከግድግዳው ቀዳዳ የሚገባ የፀሐይ ጨረር ቀትርን የሚያሳይበት ነው። 18:00 ሳይሞላ ወደ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ተሻገሩ። የማዕከላዊው ክፍል ሞዛይኮች የአምስተኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፤ በሚያዝያ 2025 የተቀበሩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስም ያረፉት እዚህ ነው። መግቢያው ነፃ ነው፤ የደኅንነት ፍተሻ ግን አለ።

ምሽቱን በእግር ወደ ትሬቪ ምንጭና ወደ ፓንተዮን ውረዱ። ትሬቪ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ሰው አይለቀውም፤ በጸጥታ ማየት የሚፈልግ ከንጋት በቀር ዕድል የለውም። ወደ ስፔን ደረጃዎች የምትዞሩ ከሆነ ደረጃው ላይ አትቀመጡ፤ ከ2019 ጀምሮ የተከለከለ ነው፣ ቅጣቱም ከ250 ዩሮ ይጀምራል። ፓንተዮን በዚህ ሰዓት ዝግ ነው። ይሁን እንጂ ፊት ለፊቱ ካለው ምንጭ ላይ የቆመውን ሐውልት ልብ በሉ፤ እሱም የራምሴስ ነው። ከፓንተዮን ጀርባ፣ በሚነርቫ አደባባይ፣ በዝሆን ጀርባ ላይ ትንሽ ሐውልት ቆሟል። ከሰዓት ያያችሁት የዶጋሊ ሐውልት በ1883 ተቆፍሮ የወጣው ከዚሁ ሰፈር ነው። በሮማውያን ዘመን ኢሲስ የተባለችው የግብፅ አምላክ ቤተ ጣዖት እዚህ ስለነበር የግብፅ ድንጋይ በየጊዜው ከመሬቱ ይወጣል።

ዕለቱ አርብ ስለሆነ ጾመኛ ምን ይብላ? ሮም ለጾመኛ ከሚታሰበው በላይ ትመቻለች። ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለውም። ስፓጌቲ በነጭ ሽንኩርት፣ በዘይትና በቃሪያም ይገኛል። ደረቁ ስፓጌቲ እንቁላል አይገባበትም፤ “ፍሬስካ” የተባለ እርጥብ ፓስታ ግን በአብዛኛው በእንቁላል የተቦካ ነው። አራቢያታ ስታዙ “ሴንሳ ፎርማጆ” በሉ፤ ካላላችሁ አይብ ነስንሰው ያመጡታል። ሱፕሊ የሚባለው የተጠበሰ የሩዝ ድብልብል ውስጡ አይብ፣ ብዙ ጊዜም የሥጋ ስጎ ስላለበት ለቅዳሜ ይቆይ። በአንዳንድ የአትክልት ምግቦች ውስጥ “አቹጌ” የተባለች ትንሽ ዓሣ ትደበቃለች፤ ዓሣ የማይበላ ቀድሞ ይጠይቅ።

ወደ ማደሪያ በሜትሮ መመለስ ይቻላል። አርብና ቅዳሜ ሌሊት እስከ 1:30፣ በሌሎቹ ቀናት እስከ 23:30 ይሠራል። ተራው ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፤ ለ100 ደቂቃ አውቶቡስና ትራም እንደልብ ያሳፍራል፤ ሜትሮ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ከሜትሮ ወጥቶ በዚያው ትኬት ተመልሶ መግባት አይሆንም። የወረቀት ትኬት አውቶቡስ ውስጥ ባለው ማሽን ካልተመታ እንዳልተገዛ ይቆጠራል፤ ቅጣቱ ከ50 ዩሮ በላይ ነው። በባንክ ካርድ መንካትም ይቻላል። ጠዋት በካርዱ፣ ማታ በስልኩ እየነካችሁ ግን አትቀያይሩ፤ ሲስተሙ ሁለቱን እንደ ሁለት ሰው ነው የሚያያቸው።

ቅዳሜ፦ ከኮሎሴዩም እስከ ትራስቴቬሬ

የቀኑ ክብደት ያለው እዚህ ነው፤ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ልትራመዱ ትችላላችሁ። ቁርስ በባር ቆሞ ይበላል። በሕዝብ በሚጨናነቁ ባሮች መጀመሪያ ካሳ የሚሉት ገንዘብ መቀበያ ጋ ከፍላችሁ ስኮንትሪኖውን፣ ደረሰኙን ማለት ነው፣ ይዛችሁ ወደ ባንኮኒው ትሄዳላችሁ። ተቀምጦ መጠጣት ዋጋው ሊጨምር ይችላል፤ በቱሪስት ሰፈር እጥፍ የሚሆንበትም አለ። ማኪያቶ ስትሉ የሚመጣው የወተት ጠብታ ያረፈበት ትንሽ ኤስፕሬሶ ነው። ወተት የበዛበት የለመደ ካፑቺኖ ይዘዝ። “ላቴ” ብቻ ካላችሁ ባዶ ወተት ይቀርብላችኋል።

ከቴርሚኒ በሜትሮ ቢ ሁለተኛው ጣቢያ ኮሎሴዮ ነው። የመጀመሪያውን የመግቢያ ሰዓት፣ 8:30ን፣ ያዙ፤ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ትኬታችሁ የተወሰነ ሰዓት አለው፤ ካለፈ ላያስገቧችሁ ይችላሉ። በዙሪያው ትኬት የሚሸጡ፣ እንደ ሮማ ወታደር ለብሰው ፎቶ ተነሡ የሚሉ፣ “ወንድሜ፣ አፍሪካ!” ብለው ሰላምታ ሰጥተው እጅ ላይ ክር የሚያስሩ አሉ። ክሩ ከታሰረ በኋላ ገንዘብ ይጠየቃል። ሰላምታውን መልሶ፣ እጅን ሳይሰጡ ማለፍ በቂ ነው።

ኮሎሴዩም በቬስፓሲያን ተጀምሮ በ80 ዓ.ም. በልጁ በቲቶ ተመረቀ። ውስጡን በአንድ ሰዓት ተኩል መጨረስ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ መቆየት ከቀሪው ይቀንሳል። ያው ትኬት ለ24 ሰዓት የሮማውያንን ፎሩምና የፓላቲኖን ኮረብታ ያስገባል። ሆኖም ወደ ፎሩሙ የሚገባው አንዴ ነው፤ ከወጡ መመለስ የለም። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ውኃ ሙሉ።

ውኃ በሮም አይገዛም። ናሶኒ የሚባሉ፣ ቀንና ሌሊት የሚፈሱ የብረት ቧንቧዎች ከ2,000 በላይ በየመንገዱ አሉ፤ ውኃቸው የሚጠጣና ቀዝቃዛ ነው። ቧንቧውን ከሥሩ በጣት ስትደፍኑት ውኃው ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈናጠራል፤ አጎንብሶ ለመጠጣት የተሠራ ነው። አንድ ጠርሙስ ለሦስቱም ቀን ይበቃል፤ የብርጭቆ ጠርሙስ ግን ኮሎሴዩም አይገባም።

በቲቶ ቅስት በኩል ስትገቡ ከቅስቱ ሥር ቆማችሁ የውስጡን ግድግዳ ተመልከቱ። የሮም ወታደሮች በ70 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የዘረፉትን ሰባት ቅርንጫፍ ያለው መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ ይታያል። የቤተ መቅደሱን ታሪክ በልጅነቱ ለሰማ ሰው ፎሩሙ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚናገር ድንጋይ የለም። ከዚያ ፎሩሙን አይታችሁ ወደ ፓላቲኖ ውጡ። መውጫችሁ በሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና በኩል ይሁን፤ ለሚቀጥለው ቦታ የሚቀርበው እሱ ነው።

በዚሁ ጎዳና ወደ ደቡብ ጥቂት ደቂቃ ስትሄዱ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ትደርሳላችሁ። መኪና የሚበዛበት፣ ባዶ የሚመስል ቦታ ነው። የአክሱም ሐውልት ከ1937 እስከ 2003 የቆመው እዚህ ነበር። 24 ሜትር ገደማ ርዝመትና ከ150 ቶን በላይ ክብደት ያለው ድንጋይ ተቆራርጦ በባሕር መጣ፤ ፋሺስቶች ሮምን የያዙበት 15ኛ ዓመት ሲከበር ተተከለ። የ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያስገድድ ነበር። የተመለሰው ግን ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ2002 መብረቅ መታው፤ በ2003 መጨረሻ መፍረስ ጀመረ፤ በሚያዝያ 2005 በሦስት ቁራጭ፣ ቁራጮቹም አንድ በአንድ፣ በአንቶኖቭ 124 አውሮፕላን አክሱም ገቡ። በ2008 በቦታው ቆመ። ከአደባባዩ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ነጭ ሕንፃ የተጀመረው ለቅኝ ግዛት ጉዳይ ሚኒስቴር ነበር፤ ከ1951 ጀምሮ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ዛሬ አደባባዩ ላይ የሚታዩት ሁለት ትናንሽ ዓምዶች ለመስከረም 11 ጥቃት ሙታን መታሰቢያ የቆሙ ናቸው፤ የአክሱሙ ሐውልት ቅሪት እንዳይመስሏችሁ። ወረራውን በመጽሐፍ ብቻ ለሚያውቅ ሰው እዚህ ባዶ ቦታ ላይ ሩብ ሰዓት መቆም ከብዙ ሙዚየም ይበልጣል።

ከጎኑ ካለው ቺርኮ ማሲሞ በሜትሮ አንድ ጣቢያ ሄዳችሁ ፒራሚዴ ላይ ውረዱ። ጣቢያው ፊት የቆመው 36 ሜትር ገደማ ፒራሚድ ከክርስቶስ ልደት በፊት ለሞተ ሮማዊ ባለሥልጣን የተሠራ እውነተኛ መቃብር ነው። ምሳ በቴስታቾ ገበያ ነው፤ ከሰዓት ስለሚዘጋና እሑድ ስለማይከፈት ከ14:00 በፊት ድረሱ። ቁራጭ ፒዛ የሚሸጠው በሚዛን ነው። አንድ ኤቶ 100 ግራም ነው፤ የተጻፈው ዋጋ የኤቶ ይሁን የኪሎ ለዩ። መጠኑን በእጅ እያሳያችሁ አስቆርጡ፤ 200 ግራም አካባቢ ለአንድ ሰው ይበቃል። ምግብ ቤት ተቀምጣችሁ ከበላችሁ ሒሳቡ ላይ ኮፔርቶ የሚል የመቀመጫ ክፍያ ልታዩ ትችላላችሁ፤ ማጭበርበር አይደለም፣ ዝርዝሩ ላይ አስቀድሞ ይጻፋል።

ከቴስታቾ ወደ አቬንቲኖ ኮረብታ መውጫው 15 ደቂቃ ነው። የማልታ ፈረሰኞች በር ላይ ባለችው የቁልፍ ቀዳዳ ስትመለከቱ የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት በቁጥቋጦ መሃል ተቀርጾ ይታያል፤ ወረፋው ሲመሽ ይረዝማል። አጠገቡ ያለችው ሳንታ ሳቢና የአምስተኛው ክፍለ ዘመን ናት። የእንጨት በሯ ላይ ካሉት ቅርጾች አንዱ ስቅለትን ከሚያሳዩ በዓለም ቀደምት ሥራዎች ይቆጠራል፤ ሰዉ ግን ወደ ቀዳዳዋ ሲሮጥ ያልፈዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ በብርቱካን አትክልት ስፍራው ጫፍ ሁኑ። ከዚያ ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ ትራስቴቬሬ፤ ለመመለስ 8 ቁጥር ትራም እስከ ቬኔሲያ አደባባይ ያደርሳል።

እሑድ፦ ቫቲካን፣ ከዚያም በስማችን የተጠሩ መንገዶች

በሜትሮ ኤ ኦታቪያኖ ወርዳችሁ 7:00 ላይ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ድረሱ። 9:00 ላይ አደባባዩን የሚዞረው የፍተሻ ወረፋ በዚህ ሰዓት የለም። ባዚሊካው ነፃ ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ በበጋ ቁምጣ ለብሶ የመጣ ሰው ከበር ይመለሳል፣ ነጠላ የያዘች ግን ትገላገላለች። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ በአደባባዩ ቅዳሴ የሚመሩበት እሑድ ከሆነ ባዚሊካው ጠዋት ለጎብኚ ስለማይከፈት መርሐ ግብሩን ቀድማችሁ እዩ።

ወደ ጉልላቱ የሚወጡት 551 ደረጃዎች ናቸው። ሊፍት የሚከፍል 231ዱን ይተርፋል፤ 320ው ለሁሉም የግድ ነው። የመጨረሻው ክፍል ከጉልላቱ ጥምዝ ጋር ስለሚያዘነብል ወደ ጎን ዘንበል ብሎ መሄድ ነው። በጠባብ ቦታ የሚጨነቅ ወይም አስም ያለበት አይሞክረው፤ መሃል ላይ መመለስ አስቸጋሪ ነው።

ላይ ስትደርሱ ሁሉም ካሜራውን ወደ አደባባዩ ያዞራል። እናንተ ወደ ጀርባው፣ ወደ ቫቲካን አትክልት ስፍራ ዞሩ። ከዛፎቹ መሃል ከሚታዩት ሕንፃዎች አንዱ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለው ጳጳሳዊ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ነው። ከባዚሊካው ጀርባ ደግሞ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ አለች፤ ከአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያውያን መነኮሳት መጠለያ የነበረች ቤተ ክርስቲያን። ለጎብኚ እንደልብ የምትከፈት ባለመሆኗ ከላይ ማየት ነው የሚቀረው። ለግእዝ ፊደል ግን ይህ ሰፈር ማተሚያ ቤቱ ነበር ማለት ይቻላል። በማተሚያ የታተመው የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 ሮም ውስጥ ወጣ። የግእዙን ሐዲስ ኪዳን አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቻቸው ጋር በ1548ና በ1549 እዚሁ አሳተሙ። በ1649 ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር የተገናኘውም በዚህ የመነኮሳት ማኅበር ዘንድ ነው፤ ከዚያ ትውውቅ የአማርኛና የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ተወለዱ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ፊደል ወደ ማተሚያ የገባበትን ሰፈር ከ551 ደረጃ ላይ ሆኖ ማየት የደረጃውን ድካም ያስረሳል።

ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የእሑድ 12:00 ጸሎት በኋላ መቶ ሺህ እግር አንድ ላይ ይነሳል። ወይ 11:30 ላይ ውጡ፣ ወይ እስከ 12:45 ታገሡ። ከቫቲካን ወደ ቴርሚኒ የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ በኪስ አውላቂ የታወቀ ስለሆነ በሜትሮ ብትመለሱ ይሻላል፤ እዚያም ቦርሳው በደረት በኩል ይሁን፣ ስልክም በር አጠገብ አይውጣ። የሚነጥቁት በሩ ሊዘጋ ሲል ነው።

ዕቃችሁን ከማደሪያው ውሰዱና ከቴርሚኒ ሜትሮ ቢ ወደ ጆኒዮ የሚለውን ተሳፈሩ። መስመሩ ቦሎኛ በሚባል ጣቢያ ለሁለት ስለሚከፈል የባቡሩን ግንባር አንብቡ፤ ረቢቢያ የሚል ከሆነ ሌላ ነው። ሊቢያ በሚለው ጣቢያ ስትወርዱ ሮማውያን ኳርቲዬሬ አፍሪካኖ የሚሉት ሰፈር ውስጥ ናችሁ። ቪያሌ ኤትዮፒያ፣ ቪያሌ ኤሪትሬያ፣ ቪያ አስማራ፣ ቪያ ቲግሬ፤ የቅኝ ግዛት ካርታ ወደ መንገድ ስም ተገልብጦ። ሙዚየም የለም፣ ተራ መኖሪያ ሰፈር ነው። በመሃል ከተማው ሌላ ጥግ፣ በሳን ጆቫኒ አቅራቢያ፣ የ1936ቱን ጦርነት የሚያነሳ ቪያ አምባ አራዳም አለ። ጣሊያኖች ትርምስን “አምባራዳን” የሚሉት ከዚያ ስም ነው። እዚያ በግንባታ ላይ የነበረው የሜትሮ ጣቢያ በዚህ ስም እንዳይጠራ በ2020 ብዙ ክርክር ተነሳ፤ በሶማሊያ ተወልዶ ፋሺዝምን ሲዋጋ በ1945 በተገደለው በጆርጆ ማሪንኮላ ስም እንዲጠራም የከተማው ምክር ቤት ደግፎ ነበር። በመጨረሻ የተሰጠው ስም ፖርታ ሜትሮኒያ ሆነ። ለኳርቲዬሬ አፍሪካኖ አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

ለመመለሻው ትኬት ስትገዙ መነሻውን ቴርሚኒ ሳይሆን ቲቡርቲና አድርጉት። ከሊቢያ ጣቢያ ወደ ኋላ እስከ ቦሎኛ ጣቢያ፣ ከዚያ በረቢቢያው አቅጣጫ አንድ ጣቢያ ነው፤ ወደ መሃል ከተማ መመለስ ይቀራል። ሁሉም የቦሎኛ ባቡር ቲቡርቲና ስለማይቆም ግን ሲገዙ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የሐዲዱ ቁጥር፣ ቢናሪዮ የሚሉት፣ ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ባቡሩ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ሊቀየርም ስለሚችል ከሰሌዳው ዓይናችሁን አትንቀሉ። ትኬታችሁ ላይ ያለውን የፉርጎ ቁጥር መድረኩ ላይ ሳላችሁ ፈልጉ፤ ባቡሩ ረጅም ነው፣ የሚቆመውም ለጥቂት ደቂቃ ነው።

አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቆይቶ ባቡሩ ፍሎረንስ ይቆማል። አርብ ያያችሁት የዶጋሊ ሐውልት መንትያ፣ ከዚያው ከሄሊዮፖሊስ የመጣው፣ በዚህች ከተማ በቦቦሊ አትክልት ስፍራ ቆሟል። ከቦሎኛ 40 ደቂቃ ስለማይሞላ ለእሱ አንድ ሌላ ቅዳሜ ይበቃል።